የዘይት ክዳን

ባለፈው ታኅሣሥ የግፊት መድኃኒቴን ልወስድ በጠዋት ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ስወርድ፣ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ የታሸገ ውሃ ለየሱቁ የሚያከፋፍለው ጎረቤታችን የጭነት መኪናውን ኮፈን ከፍቶ ቆሞ አገኘሁት። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የአጥሩ ሥር ሣር ላይ ውርጭ እንደ ጨው ተበትኗል። ሰውየው የዘይት መሙያውን ክዳን በእጁ ይዞ ያገላብጣል፤ ክዳኑ ከውስጥ በኩል ነጭ ነገር ተጋግሮበታል። ሞተሬ ውሃ ገብቶበታል፣ አለቀልኝ እያለ ብቻውን ያወራል። እኔ ከሰው ጋር ቶሎ የምግባባ አይደለሁም፤ ስልሳን አልፌ እንኳ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ካላለኝ ቀድሜ አልናገርም። ያን ዕለት ግን አፌ ቀደመኝ። ሩቅ አገር ነድተኸው ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ከጉለሌ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ጉለሌ ነው አለኝ። እንግዲያው ሞተሩ በደንብ ሞቆ አያውቅም፤ በብርዱ ውስጡ ያልበዋል፤ ላቡ ሳይደርቅ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሱሉልታ ድረስ ውሰደው፣ ዘይቱንም ኪሎሜትር እስኪሞላ ሳትጠብቅ ቶሎ ቶሎ ቀይርለት አልኩት። ሰውየው ክዳኑን ትቶ እኔን ያይ ጀመር።

«እማማ፣ ጋራዥ ነበረዎት እንዴ?» አለኝ።

ሳቅ ብዬ አለፍኩት። መድኃኒት ቤቱ ጋ ስደርስ ግን አልገባሁም። ከበሩ ፊት ለፊት ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ፤ ተራዬም አለፈኝ። ያን ሁሉ ነገር ሳላስበው በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። በሚያስፈልግበት ቀን፣ ሃያ ሰው እያየኝ፣ ከዚያ ውስጥ አንዲት ቃል መናገር አቅቶኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። የትኛው ዓመት እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም። የማውቀው ታክሲ በስሙኒ ይኬድ እንደነበረ፣ በአሥር ሳንቲም ሻይ ተጠጥቶ ብርጭቆው ሥር የቀረው ስኳር በማንኪያ ይላስ እንደነበረ ነው። ስኳር በቀበሌ ሱቅ ወረፋ ነበር የሚገኘው፤ ወረፋው ላይ በራስ ፋንታ ድንጋይ ወይም የተቀደደ ቅርጫት ይቀመጣል፤ ማንም የሰው ድንጋይ አይነካም። ጎረምሶቹ ቴትረን ሱሪ በጠባቡ አሰፍተው ይለብሱ ነበር፤ ሹማምንቱ ካኪ። ሬዲዮኑ ጠዋት ጠዋት የሰልፍ ዘፈን ይዘፍናል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዳንዴ ይረሳና የፍቅር ዘፈን ያሰማል፤ ያን ጊዜ የሸማኔዎቹ መወርወሪያ እንኳ ቀስ የሚል ይመስለኝ ነበር። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወድቄ ቤት ከተቀመጥኩ ቆይቻለሁ። እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ከላይ የእናቴን ሹራብ አድርጌ፣ ጉለሌ ውስጥ በነበረ የሸማኔዎች ማኅበር ግቢ በጽዳት ተቀጠርኩ። ሰው ሲያናግረኝ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ አደርግ ነበር። ዛሬ በዚያ ግቢ ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። ሥሩ ኬክ ይሸጣል። አንድ ቀን ገብቼ ሻይ ልጠጣ አስቤ፣ የቱ ጋ እንደምቀመጥ ጨንቆኝ ተመለስኩ።

ማኅበሩ አንድ አረንጓዴ ካሚዮን ነበረው፤ ጣሊያን ሠራሽ፣ አፍንጫው ደፍጣጣ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚታወቅ። ሥራው ከግቢያችን ድርና ማግ ጭኖ ሽሮ ሜዳ ላሉት ሸማኔዎች ማድረስ፣ የተሠራውን ጋቢና ነጠላ ሰብስቦ መመለስ ነበር። መንገዱ አጭር ነው። ሞተሩ ተነስቶ ገና ሙቀት ሳይሰማው ይደርሳል፤ ጠፍቶ ይቆማል፤ ይቀዘቅዛል፤ እንደገና ይነሳል። ሹፌሩ ጋሽ ተሰማ ይባላሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ ቆባቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ዝምታቸውን እወደው ነበር፤ ከሳቸው ጋር ስሆን ዝም ማለቴ አያሳፍረኝም።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ብርድ እንደ ሕፃን ነበር መኪናዋን የሚያሳልፏት። አመሻሹ ላይ የራዲያተሩን ውሃ ከሥር ከፍተው ያፈሱታል፤ ውርጩ ውስጧ ገብቶ ውሃውን በረዶ እንዳያደርገው ነው። ከዚያ ስህተት ወጥቶበት የማይሸጥ ጋቢ ነበር፣ እሱን ሞተሯ ላይ ያለብሷታል። ሸማኔዎቹ በዚህ ይስቁባቸው ነበር። አንጁሎ የሚባል ቀልደኛ ሸማኔ ካሚዮኗን «ሙሽሪት» ብሎ ስም አወጣላት፤ ሁሉም በዚያ ጠሯት። ጠዋት እኔ ቀድሜ እደርስና በግማሽ በርሜል ውሃ አሞቃለሁ፤ እሳቸው ሲመጡ እየቀዳሁ በራዲያተሩ አፍ አፈስላታለሁ፤ ብረቱ ጢስ ጢስ ይላል። ለብ ይበል እንጂ አይፍላ ይሉኝ ነበር፤ በየቀኑ እጃቸውን ነክረው ይለኩታል። ከራዲያተሩ ፊት ካርቶን አስረው፣ ሞተሩን አስነስተው፣ ጥቂት ሳይነዱ ይቆያሉ። ከዚያ በፊት ግን የዘይት መሙያውን ክዳን ይከፍቱና ያሳዩኛል። ነጭ፣ እንደ አሬራ ያለ ነገር በውስጡ ይጋገራል። ከየት እንደመጣ ያስረዱኝ ቀስ ብለው ነው። ትኩስ ድስት ክዳን ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ አይተሻል ወይ ብለው ጀመሩ። ሞተርም ሲሞቅና ሲበርድ እንደዚያ ውሃ ያወጣል። ሩቅ የሚሄድ መኪና ሙቀቱ ያንን ውሃ አትንኖ ያስወጣዋል። ሙሽሪት ግን ቅርብ ለቅርብ ስለሆነች ውሃው ከዘይቱ ጋር ይቦካል። የቦካ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም።

መድኃኒቱ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነበር። ዘይት ደግሞ በኪሎሜትር ነው የሚፈቀደው፤ ይህን ያህል ሺህ ካልሞላ አይሰጥም። ሙሽሪት ዓመት ብትሠራም አትሞላውም። ስለዚህ ጋሽ ተሰማ ሁለተኛውን መድኃኒት ያደርጉ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሲያልቅ፣ ባዶዋን በጎጃም መንገድ ዳገቱን አስወጥተው ሱሉልታ ድረስ ይወስዷትና ይመልሷታል። ዘይቱን ላበስለው ነው ይሉ ነበር። አንድ ቅዳሜ እኔንም ወሰዱኝ። ከዚያ በፊት ካሚዮን ላይ ወጥቼ አላውቅም። ዳገቱን ስንወጣ የሙቀቱ መርፌ ደርሶ በማያውቅበት ቦታ ደረሰ። እግሬ ሥር ያለው ብረት ሞቀ። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ከታች የቀረችው ከተማ፣ ከዚያ ወዲያ የሱሉልታ ሜዳ በአደይ አበባ ሳይሆን በደረቀ ሣር ቢጫ ሆኖ... እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። መንገድ ዳር አቁመው ክዳኑን ከፈቱት። ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ ወጣ፤ ወጣና ቆመ። «ይኸውልሽ፣ አሁን ተገላገለች» አሉ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት አዲስ ሊቀ መንበር ተሾመብን። ወጣት ነው፤ ካኪው ገና መታጠፊያው አልጠፋም፤ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። የቁጠባ ዘመቻ የሚባል ነገር ስለነበረ፣ ባዶ መኪና በየቅዳሜው ሱሉልታ ምን ያደርጋል ብሎ ተነሳ። ጤፍ በኬላ ያሾልካሉ የሚል ወሬም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ግቢውን ሞላው። በስብሰባው ላይ ጋሽ ተሰማ የሞተሩን ነገር ለማስረዳት ሞከሩ። ሊቀ መንበሩ ሰምቶ ሲጨርስ፣ ጓድ ተሰማ፣ እኛ ሲበርደን ጋቢ እንለብሳለን እንጂ ሱሉልታ አንሄድም አለ። ሰው ሳቀ። እኔም መጥረጊያዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ ስለነበር፣ ሰው ሲስቅ ሳቅኩ።

የቅዳሜው ጉዞ ተከለከለ። ጋሽ ተሰማ ግን አልተዉትም። ሦስት ሳምንት ሱሉልታ ሳትሄድ ትሥራ፤ ከዚያ ክዳኑን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩት፤ ነጭ ካልሆነ እኔን እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ አሉ። ይህን ያሉት ቢሮ ውስጥ ነው። እኔ አልሰማሁም። ኋላ ነው ባለቤታቸው እትዬ አለሚቱ የነገሩኝ። ጋሽ ተሰማ ለእኔ የነገሩኝ ይህን ብቻ ነበር፤ ነገ ከላይ ሰዎች ይመጣሉ፤ ሙሽሪትን ያያሉ አሉኝ። አለቀ።

እንግዳ ይመጣል ሲባል እኛ ቤት ምን እንደሚደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በበነጋታው ከወፎች እኩል ተነስቼ መጣሁ። ግቢውን ውሃ አርከፍክፌ ጠረግኩ። የካሚዮኗን መስታወት፣ መብራቷን፣ ጎማዋን ሳይቀር አጠብኩ። ጋቢዋን አራግፌ አጠፍኩ። ኮፈኑን መክፈት እችል ነበር፤ ከፈትኩት። የዘይት ክዳኑን አወጣሁ። አሬራው ከዚያ በፊት አይቼው በማላውቀው ብዛት ተጋግሮ ነበር፤ ጣት ያስገባል። ጋሽ ተሰማ በሰው ፊት ሊያፍሩ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሞተርህ እንዲህ ቆሽሾ ትይዛለህ ይሏቸዋል አልኩ። በተራረፈ ክር እየደጋገምኩ ወለወልኩት፤ ጥፍሬን አስገብቼ ከጥርሱ መሐል ያለውን ሁሉ አወጣሁ፤ የመሙያውን አፍ ዙሪያውን ጠረግኩ። አብረቀረቀ። መልሼ ገጠምኩት። በሕይወቴ ለሰው ብዬ ከሠራሁት ሥራ ያን ያህል ያስደሰተኝ አልነበረም። ቢያዩት ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ጋሽ ተሰማን ስጠብቅ ቆየሁ።

እሳቸው ግን ከሰዎቹ ጋር አብረው ነው የመጡት። ሸማኔዎቹም ተሰበሰቡ፤ ሃያ ሰው ይሆናል። ሰላም እንኳ አላልኳቸውም። ጋሽ ተሰማ ራቅ ብለው ቆመው፣ እኔ አልነካውም፣ እናንተ ክፈቱት አሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሊቀ መንበሩ ክዳኑን ፈታ፤ ገለበጠው፤ ከኪሱ ነጭ መሐረብ አውጥቶ ውስጡን ጠረገና ለሁሉም አሳየ። መሐረቡ ላይ ትንሽ ጥቁር ዘይት ብቻ ነበር።

«አሬራው የታለ፣ ጓድ ተሰማ?» አለ።

«ጠጥተውት ይሆናል» አለ አንጁሎ። ሰው ሳቀ።

ጋሽ ተሰማ ክዳኑን ተቀብለው አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። አዞሩት። አሸተቱት። ትናንት ነበረ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ አሉ። ዘይቱ ይፍሰስና ይታይ ብለው ለመኑ፤ ዘይት በጠፋበት ጊዜ የሕዝብ ዘይት መሬት ላይ ይፍሰስ ትላለህ ወይ ተባሉ። በመጨረሻ ግራ ገብቷቸው፣ እንግዲያው አንድ ሰው ጠርጎታል አሉ። ይህች ቃል ናት የገደለቻቸው። ሊቀ መንበሩ ፊቱ ተለወጠ። ማን ነው የጠረገው፣ እኛ ነን ወይ፣ ኮሚቴው ነው ወይ ብሎ ያዛቸው። ጋሽ ተሰማ ዙሪያቸውን አይተው እኔን አገኙኝ። እሷን ጠይቋት፣ በየቀኑ አብራኝ ታየዋለች አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ ነጭ ነገር አይተሻል?» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

እኔ ነኝ የጠረግኩት ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ያዝኩ፤ መሬት አየሁ። ጥፍሬ ውስጥ ነጩ ነገር እንዳለ ነበር፤ እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ። ተዉአት፣ አፋር ናት አለ አንጁሎ፤ ሊረዳኝ ብሎ ነው። ሊቀ መንበሩም አላየችም ማለት ነው ብሎ ለሰዎቹ ነገራቸው። ጋሽ ተሰማ እንኳ አልተቆጡኝም። ክዳኑን እንደያዙ ቀሩ።

በሁለተኛው ቀን መጥተው ወሰዷቸው። ኮሚቴውን ስም አጥፍተዋል፣ የሕዝብ ናፍጣ አባክነዋል ተባለ። ለጥቂት ሳምንት ነው፣ ይለቀቃሉ እያልን ጠበቅን። እኔም በየቀኑ ዛሬ ሄጄ እናገራለሁ እያልኩ እነሳ ነበር። ቢሮው በር ድረስ ሄጄ፣ በሩን ጠርጌ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ውስጡ ሰው ሲኖር ብዙ ሰው አለ እላለሁ፤ አንድ ሰው ብቻ ሲኖር ደግሞ ብቻዬን ፈራሁ እላለሁ።

ሙሽሪትን አዲስ ሹፌር ተረከባት። ውሃ የሚያሞቅ፣ ካርቶን የሚያስር ሰው አልነበረም፤ ጋቢውም በርካሽ ተሸጠ። በቀጥታ አስነስቶ ይነዳታል። ጥር ሳይብት፣ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ክር እንደጫነች አንድ የብረት ጩኸት ጮኸችና ቆመች። ሞተሩ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ ቀርቷል። ጎትተው ግቢ አስገቧት። መካኒክ መጥቶ ከሥር ሲከፍተው ዘይቱ እንደ ዘይት አልወረደም፤ ነጭ ሆኖ፣ ወፍሮ፣ ልክ እንደ አሬራ ገንዳው ውስጥ ተዘረገፈ። ሁላችንም ቆመን አየን። አሁን እውነታቸው ወጣ፣ ዛሬውኑ ይለቋቸዋል ብዬ ልቤ ዘለለ። ሊቀ መንበሩ ገንዳውን ትክ ብሎ አየና፣ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ጨምሮበት ነው የሄደው አለ። አሻጥር ነው አለ። በዚያ ዘመን ያ ቃል ከተባለ በኋላ የሚመለስ ነገር አልነበረም። አንጁሎ እንኳ አልቀለደም።

ሰባት ዓመት ታሰሩ። ሰባት ዓመት ማለት አንድ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት የሚገባበት ነው። እትዬ አለሚቱ ቀለበታቸውን ሸጡ፣ ቀጥሎ አልጋቸውን። ስንቅ ይዘው በሳምንት ሁለት ቀን ሲሄዱ በግቢያችን በር ያልፉ ነበር፤ ከሩቅ ሳያቸው ሽንት ቤት ገብቼ እስኪያልፉ እቆያለሁ። ሙሽሪት ግቢው ጥግ ቆማ ዶሮ ዕንቁላል የሚጥልባት ሆነች። እኔ አላገባሁም። ሁለት ሰው ጠይቆኝ ነበር። አንዱ ጥሩ ሰው ነበር፤ አንደበቷ ቁጥብ ነው ብሎ ነው የወደደኝ። ይህን ሲለኝ ነው እምቢ ያልኩት። ለምን እምቢ እንዳልኩት እሱም አላወቀም፤ እናቴም እስክትሞት ድረስ ስትወቅሰኝ ኖረች።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ተፈቱ ሲባል ሰማሁ። ወር ሙሉ ስፈራ ስቸር ቆይቼ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ያን ቀን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ቃሉን እያልኩት ነው የሄድኩት። እትዬ አለሚቱ በር ላይ ተቀበሉኝ። አርጅተዋል። ስኳሩን ከእጄ እየወሰዱ፣ ቀስ ብለው ጆሮዬ ላይ አወሩኝ። «ልጄ፣ የማኪናዋን ነገር አታንሺበት። ገና አሁን ነው እህል የቀመሰልኝ» አሉኝ። ጋሽ ተሰማ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል፤ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ቆባቸው ሰፍቷቸው። ከሁለት ወር በኋላ ማረፋቸውን ነው የሰማሁት፤ እንግዲህ ያ የመጨረሻው ነበር። አወቁኝ። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ነገሩን ያነሱት ራሳቸው ናቸው።

«የገደልኳት እኔ ነኝ» አሉኝ።

እዚያ ሆነው ሰባት ዓመት እንዳሰቡበት ነገሩኝ። ውርጭ ያደረበት ብረት እንደ ብርጭቆ ነው፤ ሙቅ ውሃ ሲያፈሱበት ይሰነጠቃል። እኛ በየጠዋቱ አፍስሰንባታል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሠርተንባታል፤ ውሃው በዚያ ነው ወደ ዘይቱ የገባው። ስለዚህ ሰዎቹ ውሃ ጨመረ ማለታቸው ሐሰት አልነበረም። ላብ ነው ያልኩት የኔ ስህተት ነው፤ ላብ ቢሆን ኖሮ ክዳኑ ነጭ ይሆን ነበር አሉ። ነጭ ያየሁ የመሰለኝም ለመርታት ስለፈለግኩ ነው አሉ። ጠርጋችሁታል ብዬ ንጹሕ ሰዎች አማሁ፣ ለሱም ንስሐ ገብቻለሁ አሉ። የሒሳብ ትምህርት እንደሚያስረዳ አስተማሪ ነበር የሚናገሩት። እኔ አፌን ከፈትኩ። እትዬ አለሚቱ የሻዩን ሰሐን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም» አሉኝ ጋሽ ተሰማ። «ውሃውን ያፈሰስሽው እኔ ሳዝሽ ነው። ይህን ሳልነግርሽ እንዳልሞት ነበር የምፈራው። ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ያኔ ዓይንሽ የልጅ ዓይን ነበር። ያን ቀን ክዳኑ ንጹሕ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ንጹሕ ነበር።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከብርድ ልብሱ ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ራሴ ላይ ጫኑና፣ እግዜር ይባርክሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ እያሉ መረቁኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ ድረስ፣ አሜን እያልኩ ተቀበልኩ።